ጉድጓዱ አየር ሳበ ያልን ዕለት

ከቤቴ ጥግ፣ እዚሁ ለንደን ክላፋም፣ ብስክሌት የሚጠግን አንድ ሰውዬ አለ። ሱቁ በጣም ጠባብ ስለሆነ ሥራውን የሚሠራው ደጃፉ ላይ ወጥቶ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ዳቦ ልገዛ ስወጣ የግራሶ ጣሳውን ከፍቶ ነበርና ሽታው መንገድ ላይ ያዘኝ። ቆምኩ። ሰውዬው ቀና ብሎ «ኦራይት?» አለኝ። ኦራይት አልኩት፤ ግን አልሄድኩም። ሌላው ሰው ግራሶ ሲሸተው ምን እንደሚሰማው አላውቅም። እኔን ይዞኝ የሚሄደው የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ወደ ነበርኩበት፣ ጉልበቱ ላይ የተጣፈ ካኪ ቱታና ሸራ ጫማ ወደማደርግበት ዘመን ነው። ሸራ ጫማው ነጭ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ በጠመኔ እቀባውና ሰኞ ወደ ማታ አፈር መስሎ ያድራል። ግን ልነግራችሁ ያሰብኩት ስለ ጫማው አይደለም። ስለ ጆሮ ነው።

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ያስተማረኝ የእጅ ፓምፕ ነው። በዚያ ዘመን አንድ የውሃ ሥራ መሥሪያ ቤት ቀጥሮኝ፣ ቆላ ለቆላ እየዞርን የተበላሸ ፓምፕ እንጠግን ነበር። ሦስት ሰዎች ነን፤ ሾፌሩ፣ ካቦአችንና እኔ። የመኪናው ቴፕ ካሴት ይበላ ስለነበር አንዱ ዘፈን ሁልጊዜ መሃሉ ላይ ይቋረጣል፤ ቀሪውን እኛ ሦስታችን እናወርደዋለን። ዛሬም ያ ዘፈን ሲመጣ መጨረሻውን የማውቀው በሾፌሩ ጎርናና ድምፅ ነው። ካቦአችን ጥርሱ የወላለቀ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሽማግሌ ነበር። ፓምፑ ጋ ስንደርስ መፍቻ ላነሳ እጄን ስሰድ «እጅህን ኪስህ ክተትና ስማ» ይለኛል። ከዚያ ከቆሙት ሴቶች አንዷን እጀታውን አርባ ጊዜ ከፍ ዝቅ እንድታደርግ ይለምናታል። አርባ ምት ሳይሰማ አይነካም። እጀታው ቀልሎ ብረት ለብረት ከተንኳኳ ከውስጥ ያለው ዘንግ ተበጥሷል። ከብዶ እያቃሰተ ውሃው ዘግይቶ፣ ቀጥኖ ከመጣ ፒስተኑ ላይ ያለው ጎማ አልቋል። ሲር እያለ፣ ነፋስ እንደሚስብ ጉሮሮ ካሰማ ግን ካቦው ኮፍያውን ያወልቅ ነበር። ውሃው ከቱቦው ጫፍ በታች ወርዷል፤ ጉድጓዱ አየር እየሳበ ነው ማለት ነው። «ለዚህ መፍቻ አልተሠራለትም» ይላል፤ ዕቃ ሰብስበን እንሄዳለን፤ ሴቶቹ ግን እዚያው ይቆማሉ። ከመኪናው ጀርባ ሆኜ ወደ ኋላ ሳይ ቆመው የማያቸው ነገር አልለምድ ብሎኝ ቀረ።

ከዚያ ዘመኑ ተገለባበጠ። እንዴት እንደተገለባበጠ የተማሩት ጽፈውታል፤ እኔ የማውቀው ለንደን በወረድኩ በሦስተኛው ሳምንት የአውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ መግባቴን ነው። መጀመሪያ አጣቢ ሆንኩ፤ በኋላ ከአውቶቡሱ ሥር ገብቼ ግራሶ እቀባ ጀመር። ካፖርቴን የገዛሁት ካገለገለ ልብስ ሱቅ ነው፤ ሁለት ፓውንድ። እጅጌው እስከ ጣቴ ጫፍ ስለሚደርስ ጓንት አላስፈለገኝም። በካንቲኑ ሻይ ሃያ ፔንስ ነበር፤ ስኳሩ የፈለጉትን ያህል ነው፤ እኔም የፈለግኩት ብዙ ነበር። እዚያ ከአውቶቡስ ሥር ነው ከሱሬሽ ጋር የተገናኘነው። ህንዳዊ ነው፤ ቀጭን፣ ጸጉሩ ሁልጊዜ ዘይት የነካው። አንድ ቀን አንድ አሮጌ አውቶቡስ ሞተሩ ተነሥቶ ሲያጓራ ሁለታችንም በአንድ ጊዜ እጃችንን ኪሳችን ከተን ጆሯችንን ቀሰርን። ተያየን። ለካ እሱም በወጣትነቱ አገሩ ላይ የፓምፕ መካኒክ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ጎን ለጎን ተኝተን ግራሶ ስንቀባ አልተነጋገርንበትም ነበር፤ የእኔም እንግሊዝኛ የእሱም ያው ነበርና።

በዚያን ዘመን ሩቅ ያለ ሰው ማለት ሩቅ ያለ ሰው ነው። ደብዳቤ ወር ይፈጃል። ስልክ የፈለገ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ሄዶ፣ ከባቡሩ ድልድይ ሥር ያለው የሀብቶም ስልክ ቤት ይሰለፋል። ሀብቶም አስመራ ተወልዶ በአማርኛ የተማረ ሰው ነው፤ አምስት ቋንቋ ያውቃል፤ በአምስቱም ይሳደባል። ሱቁ ውስጥ ከኮምፐልሳቶ የተሠሩ ስድስት ሣጥኖች ነበሩ፤ በውስጣቸው አንዳንድ ስልክ፣ አንዳንድ በርጩማ። ሲጨናነቅ ደግሞ ካርድ ይሸጥልናል፤ የአንበሳ ሥዕል ያለበት የአምስት ፓውንድ ካርድ፤ በሳንቲም ፍቀን ቁጥሩን እናወጣለን። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰልፉ እስከ መሬት ውስጥ መተላለፊያው ይደርስ ነበር። ሴቶቹ ነጠላቸውን ከካፖርት ላይ ጣል አድርገው፣ ወንዶቹ ሰፊ ክራቫት አስረው። ባቡር ከላይ ሲያልፍ ስድስቱም ሣጥን ውስጥ ያለ ሰው በአንድ ጊዜ ይጮሃል፤ ባቡሩ ሲርቅ ጩኸቱ ይቀርና የአንዱ ምሥጢር ለሁሉ ይሰማል። ዛሬ ያ ቦታ ፎቅ በፎቅ ሆኗል። ባለፈው በዚያ ሳልፍ ስልክ ቤቱ የነበረበትን ላገኘው አልቻልኩም፤ በጫማዬ ርምጃ ለክቼ፣ አንድ ወጣት ላፕቶፑን ይዞ የተቀመጠበት መስተዋት ቤት ነው ብዬ ተውኩት። ሀብቶምም ሃርልስደን ቤት ይዞ ጡረታ ወጥቷል። እንደ ድሮው ይሳደባል።

ሱሬሽ ጡረታ ሲወጣ አገሩ ገባ። የዛሬው ስልክ ባይኖር ኖሮ ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃ ነበር። ስልክ ሰውን በታተነው፣ ሁሉም አንገቱን ደፋ ሲሉ እሰማለሁ፤ አውቶቡስ ውስጥም አየዋለሁ፤ አልክድም። እኔንና ሱሬሽን ግን ስልኩ አልበተነንም። አንድ ቀን ከመንደሩ የአንድ ፓምፕ ድምፅ ላከልኝና «ምን ይመስልሃል?» አለኝ። የፒስተኑ ጎማ ነው አልኩት። እሱም እንደዚያው ነበር ያሰበው። ቆይቶ ማላዊ ያለ አንድ ጡረተኛ መጣ፤ ከዚያ ኔፓል ያለች አንዲት መካኒክ፤ ከዚያ ስማቸውን በደንብ ለመጥራት የሚያስቸግሩኝ ሌሎች። ሁላችንም በጆሯችን የምንሠራ ነን፤ አብዛኞቻችንም ካሁን በኋላ መሰላል የማንወጣ፣ ቱቦ የማንጎትት ነን። ጆሮ ግን ጡረታ አይወጣም። ቡድኑን «ጆሮ» አልነው። ፓምፓቸው የተበላሸባቸው መንደሮች አርባ ምት ቀርጸው ይልካሉ፤ እኛ ሰምተን የመሰለንን እንናገራለን። ሀብቶም ያስተረጉማል። ልጄ ሰናይት ደግሞ የስልኩን ነገር ታስተካክላለች። ካውንስል ውስጥ የቤት ጉዳይ ላይ ነው የምትሠራው፤ አርባ ዓመት አልፏታል፤ ግን እኔ ስልክ ስነካካ ስታይ የሚሰማት ስሜት እሳት የሚነካ ሕፃን ስታይ እንደሚሰማት ነው።

በዚህ በጋ አጋማሽ ነው ወይዘሮ ዘነበች የመጣችው። ሰንበሌጥ የምትባል፣ ቆላ ውስጥ ያለች ትንሽ መንደር የውሃ ኮሚቴ ሊቀመንበር ናት። ድምፅዋ ችኩል አይደለም። ያለችው ይኼ ነው፦ የፓምፑ ውሃ ካነሰ ሁለት ወር ሆኖታል። አንድ ጀሪካን ለመሙላት ረፋዱ ያልፋል። ሰዉ ወደ ወንዝ መውረድ ጀምሯል፤ ሁለት ልጆች በዚያ ውሃ ታመው ተኝተዋል፤ አንዷ የእህቷ ልጅ ልጅ ናት። ከወረዳ የመጡ ሰዎች ጉድጓዱ ደርቋል ብለዋል፤ ሐሙስ መኪና ይዘው መጥተው ፓምፑን ነቅለው ለማዶው መንደር ሊሰጡት ነው። «እኔ የማላውቀውን አልሟገትም» አለች። «ደርቋል ካላችሁኝ ለሰዉ እንደዚያው እናገራለሁ። አልደረቀም ካላችሁኝ ግን አላስነቅልም።»

አርባ ምቷን ቀርጻ ላከች። ሰናይት እንደ ልማዷ ሰማችውና «አባዬ፣ ወሬ በዝቶበታል» አለችኝ። «ሱሬሽ አማርኛ አይሰማ፤ ወሬውን ለምን ሴንድ እናደርግለታለን? አዲስ አፕ አለ፤ የሰው ድምፅ ሪሙቭ ያደርግና ፓምፑን ብቻ ይተዋል።» ጥሩ ሐሳብ መሰለኝ። የሰው ወሬ፣ የአህያ ጩኸት፣ የልጅ ለቅሶ ሁልጊዜ ያስቸግሩን ነበር። አደረገችው። የወጣው ድምፅ ንጹህ ነበር፤ ከብረት በቀር ምንም የለበትም። ከብረቱ ጋር ግን፣ በየአራት በየአምስት ምቱ፣ አንድ ነገር ሲር ይላል። አጭር፤ ወደ ውስጥ።

ሱሬሽ በማግሥቱ መለሰ። «ወንድሜ» አለኝ፤ «ሦስት ጊዜ ሰማሁት። አየር እየጠጣች ነው። አዝናለሁ።» ማላዊ ያለው ሽማግሌም ያንኑ አለ። የኔፓሏም ያንኑ። እኔም ጆሮ ማዳመጫውን አድርጌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ሰማሁና ካቦዬ ኮፍያውን ሲያወልቅ ታየኝ። አዎ፣ አየር ነው አልኩ። ክፉ ወሬ በጽሑፍ አይላክም ብዬ፣ ረቡዕ ጠዋት ራሴ ደወልኩላት።

«እንደምን አደርሽ ዘነበች?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ ጋሼ ይልማ? ብርዱስ?»

«ብርዱ እንዳለ ነው። ልጆቹስ?»

«ወንዱ ተነሥቷል። ትንሿ ገና ናት።»

«ይማርልሽ። ዘነበች፣ የላክሽውን ሁላችንም ሰማነው። ጉድጓዱ አየር እየሳበ ነው። ውሃው ወርዷል።»

ዝም አለ ስልኩ።

«ሰማሽኝ?»

ሲር አለ።

መስመሩ ነው ብዬ ከወንበሬ ተነሥቼ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። «ዘነበች፣ ትሰሚኛለሽ ወይ?»

አሁንም ሲር። አጭር፤ ወደ ውስጥ።

«ሄሎ? ዘነበች?»

«እየሰማሁ ነው እንጂ ጋሼ» አለች ቀስ ብላ። «አዎ እያልኩዎት ነው እኮ።»

ስልኩን እንደያዝኩ መስኮቱ ላይ ቀረሁ። እኛ አበሾች አዎ ስንል ሁልጊዜ አዎ አንልም። ልባችን የተስማማበትን፣ ወይ ያዘንበትን፣ ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን ነው የምንመልሰው። ይህንን ለማንም አናስተምር፣ ማንም አላስተማረንም። ያ አፕ ቃሉን ሁሉ ለቅሞ ሲያወጣ ይህችን ትቷታል፤ ቃል መሆኗን በምን ይወቅ። እኔ ግን ማወቅ ነበረብኝ። ደግሞም በእኔ ሲደርስ የመጀመሪያው አልነበረም። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ሰናይትን ታቅፋ አገር ቤት ቀርታ በነበረችባቸው ዓመታት፣ ከሀብቶም ሦስተኛ ሣጥን እየደወልኩ ነበር የማወራት። የመምጫ ወረቀቷ ያለቀ ዕለት ልቤ እየመታ «ትመጫለሽ ወይ?» አልኳት። ዝም። «ትመጫለሽ?» ዝም። ካርዱ እያለቀ ነው፤ ሄሎ ሄሎ እያልኩ ኮምፐልሳቶውን ስደበድብ ሀብቶም ከባንኮኒው ማዶ «ይልማ» ብሎ ተቆጣኝ፤ «አዎ እያለችህ ነው አንተ ደንቆሮ፤ እኔ እዚህ ሆኜ ሰማሁት።» ሰልፉ ሁሉ ሳቀብኝ። ያንን ያህል ተስቆብኝ፣ ከዚያ በኋላም ያቺን ትንፋሽ ሠላሳ ዓመት ከጎኔ ሰምቼ፣ ከጉድጓድ ጋር አምታታሁት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ እውነት ነው።

«ዘነበች፣ አንድ ጊዜ» አልኳት። «ስትቀርጹ እጀታውን የሚመታው ማን ነበር?»

«ፋንታዬ፣ የእህቴ ልጅ።»

«ምን ትልሽ ነበር?»

«ልቀጥል ወይ? ትለኛለች፤ አዎ እላታለሁ። አሁንም ልቀጥል ወይ? ትለኛለች። ሰነፍ ቢጤ ናት።»

«ስልኩስ የት ነበር?»

«እንዳይወድቅ ደረቴ ላይ ይዤው።»

ተቀመጥኩ። «ዘነበች፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኳት። «አየር ስትስቢ የነበርሽው አንቺ ነሽ። ጉድጓዱ አይደለም።»

ከዚያ ሳቋ መጣ። «ታዲያ ሐሙስ የምነቀለው እኔ ነኛ» አለች።

እኔ ግን አልሳቅሁም። ካወቅነው ያላወቅነው ይበልጥ ነበርና። ጉድጓዱ አየር አለመሳቡ ውሃ አለው ማለት አይደለም። ሐሙስ ደግሞ ነገ ነው። ለሰናይት ሥራ ቦታዋ ደውዬ ነገርኳት። «አባዬ፣ ኢት ዋዝ ሚ፤ እኔ ነኝ የቆረጥኩት» አለችኝ። አንቺ ቆረጥሽ፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ አጸደቅሁ፤ አሁን ያልተቆረጠውን ለሁሉም ላኪው አልኳት። በቡድኑ ውስጥ ደግሞ በራሴ ድምፅ፣ በዚያችው በጋራዥ እንግሊዝኛዬ፣ ስህተቴን ተናገርኩ። በጽሑፍ ቢሆን ሰናይት ታሳምርልኝ ነበር፤ እንዲያምር አልፈለግኩም። ሱሬሽ መጀመሪያ አላመነኝም። «ሰው አየር ወደ ውስጥ እየሳበ እሺ ይላል?» አለ። ሀብቶም ገባና «ይላል፤ አንተስ እሺ ስትል እንደ ፈሪ በግ ራስህን ትወዘውዝ የለ» አለው። ሱሬሽ ሳቀ። «እውነት ነው፤ ይልማ ሁለት ዓመት ሙሉ ሻይ ልግዛልህ ሲለኝ እሺ እያልኩት እምቢ ያልኩ መስሎት ሳይገዛልኝ ቀርቷል።» ይህንንም እስከዚያች ቀን አላውቅም ነበር።

ጆሮ የሚያረጋግጠው አንድ ነገር ነበር የቀረው፤ ደግሞ ተቀርጾ በተላከ ድምፅ ሳይሆን በቀጥታ የምንሰማው። ያንኑ ረቡዕ፣ እዚህ ሰዓቱ ወደ ምሳ ሲጠጋ፣ ሁላችንም በምስል ተያያዝን። ሀብቶም ከሃርልስደን ሁለት አውቶቡስ ቀይሮ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ሱሬሽ ከጓዳው ጠረጴዛ፣ ማላዊው ሽማግሌ ከዛፍ ሥር፣ የኔፓሏ መካኒክ ከሱቋ። ሰንበሌጥ ላይ አምስት ሴቶች የፓምፑን ራስ ፈትተው ዘንጎቹን አንድ በአንድ ሲያወጡ አየን። ፀሐዩ ብረቱን አግሎት በነጠላቸው ጫፍ እየያዙ ነው። ዘንጉ ሲያልቅ ዘነበች ሲባጎ ላይ ድንጋይ አስራ ቱቦው ውስጥ ትለቅ ጀመር። «አሁን ማንም አይናገር» አልኩ፤ ሀብቶም በሦስት ቋንቋ ደገመው። ሲባጎው ይወርዳል። አንድ ልጅ አስነጠሰ። ይወርዳል። ሱሬሽ ዓይኑን ጨፍኗል። ከዚያ ሰማነው፤ ጡብ የምትል፣ ወፍራም፣ ጥልቅ ድምፅ። ለንደንም፣ ህንድም፣ ማላዊም፣ ኔፓልም እኩል ሰማት። ድንጋዩ መሬት እስኪነካ ለቃ መልሳ ስትስበው እርጥቡ ሲባጎ ከቁመቷ እጥፍ በላይ ሆነ።

ማንም እልል አላለም። ሥራ ነበረብን። ፒስተኑ ላይ ያለው ጎማ ውሻ ያኘከው መስሎ አልቋል፤ ምትክ የሚሸጥበት ከተማ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ሱሬሽ ይኼኔ ነው ከወንበሩ የተነሣው። ድሮ እነሱ ጎማው ሳይመጣ በፊት በቆዳ ይሠሩ ነበር። ካርቶን ቆርጦ ካሜራው ፊት እያጠፈ አሳየ፤ እኔ በአማርኛ እላለሁ፤ ዘነበች የሟች ባሏን የበቅሎ ኮርቻ አውጥታ፣ ፒስተኑን ራሱን መለኪያ አድርጋ በቢላዋ ቆረጠች። አዘነበለባት። እንደገና ቆረጠች። «ሰፋ አድርጊው፤ ሲታጠፍ ያንሳል» አለች የኔፓሏ። ሦስተኛው ገጠመ። ሌሊቱን በኑግ ዘይት ተነክሮ ያድራል፤ ጠዋት ይገባል። ሀብቶም ያንን ከሰዓት ሙሉ ማንንም አልሰደበም።

የሐሙሱን የሰማሁት ከዘነበች ነው። መኪናው መጣ። ከወረዳ የመጣው ወጣት ወረቀቱን አሳያት። «ውሳኔ ነው እኮ፣ እናቴ» አላት። «ውሳኔው በስንት ምት ተወሰነ?» አለችው። አልገባውም። እጀታውን አስያዘችው። ሥራውን የሚያውቅ ልጅ አልነበረም፤ ሱሪው እንዳይነካ ራቅ ብሎ ቆሞ ይመታል። በሰባተኛው ምት ውሃው መጣ፤ ቀጥ ብሎ፣ አፍ ሙሉ። ሱሪው ግን አልተረፈም። ከወረቀቱ ጀርባ ላይ ፓምፑ እዚያው እንዲቀር ጽፎ ፈረመላት።

ደስታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህንን ለመጻፍ እስክሪብቶ አላነሳም ነበር። ያንን ስትነግረኝ ድምፅዋ የደስተኛ አልነበረም። «ጋሼ፣ አፍሬያለሁ» አለችኝ። «ማዶዎቹ ከመኪናው ጋር መጥተው ነበር። ፓምፑን ሊቀበሉ፣ ጀሪካን ይዘው።» አስቡት። ስድስት ሴቶች፣ ውሃ ልታገኙ ነው ተብለው፣ ከጭነት መኪና ላይ ወርደው፣ ቆመው ያያሉ። ቆመው የሚያዩ ሴቶችን እኔ አውቃለሁ። ዘነበች ጀሪካናቸውን ሞላችላቸውና በባዶው መኪና አብራቸው ወደ ማዶ ሄደች። የእነሱም ፓምፕ አለ ለካ፤ አብቅቶለታል ከተባለ ዓመታት ሆኖት፣ ፍየል የሚታከክበት። ማን አብቅቶለታል እንዳለ የሚያስታውስ የለም።

ትናንት ቅዳሜ ነው። ሃርልስደን፣ ሀብቶም ጓዳ ውስጥ፣ ሰናይት፣ እሱና እኔ ተቀምጠን ማዶው መንደር ላለችው ለዘነበች ደወልን። ሱሬሽም ገባ፤ ሌሎቹም ገቡ። ሰናይት እጇን አጣምራ ስልኩን በሩቁ ታየዋለች። ምንም እንዳይቆረጥ ተባብለናል፤ ፍየሉም፣ ወሬውም፣ ሳሉም እንዳለ ይምጣ። ማዶ ያለች አንዲት ሴት፣ ወርቄ እባላለሁ አለችን፣ እጀታውን ያዘች። የዛገ ብረት ሲጮህ ጥርስ ያሳክካል። አምስት። አሥር። ውሃ የለም። አሥራ አምስት። ሱሬሽ ፊቱን ወደ ስክሪኑ አስጠጋ። ሃያ ላይ ቆመችና «ልተወው መሰለኝ፤ ሙት ነው» አለች።

«ወርቄ» አልኳት፤ «እጀታው ቀለለሽ ወይስ ከበደሽ?»

«ኧረ ከበደኝ እንጂ ጋሼ። ክንዴ ዛለ።»

ሱሬሽን አየሁት። ሀብቶም ሳይተረጉምለት ገብቶታል፤ እጁን ኪሱ ከቷል።

«ከከበደሽ ዘንጉ አልተበጠሰም፤ ከታች የሚጎተት ነገር አለ ማለት ነው» አልኳት። «አርባ ገና አልሞላም። ዘነበች ትቀበልሽ፤ ቀጥሉ።»